ሪአክት ወይስ ቪው? መጀመሪያ ደጋ ላይ ያለውን ስልክ ጠይቁ

ሲቀላም ይሁን ሴቻ፣ ሁለት ወጣት ዴቨሎፐሮች ቡና ይዘው ከተቀመጡ ክርክሩ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። አንዱ ሪአክት ይላል፣ ሌላው አንጉላር፤ ሦስተኛው ከመጣ ቪው ብሎ ያባብሰዋል። ማስረጃው የሥራ ማስታወቂያና የዩቲዩብ ትምህርት ነው። በዚህ ሁሉ ሙግት መሀል ስሙ የማይነሳ አንድ ሰው አለ፦ ገጹን የሚከፍተው።

ይህ ሰው ቦንኬ ወይም ካምባ ሆኖ የኮሌጅ ምዝገባ የሚሞላ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ወይም ከአርባ ምንጭ ዙሪያ የሙዝ ዋጋ ለማየት የሚሞክር ገበሬ። በእጁ ያለው ርካሽ አንድሮይድ ነው፤ ዳታ የሚገዛው በቀን ጥቅል ነው፤ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ፍሬምወርኩ ሲመረጥ ማንም አልጠየቀውም፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን እሱ ነው።

እንዴት ይከፍላል? አንድ ገጽ ሙሉ በሙሉ በሪአክት ወይም በመሰሎቹ ስልኩ ላይ እንዲገነባ ሲደረግ፣ ከሰርቨሩ መጀመሪያ የሚመጣው ባዶ ገጽ ነው። ቀጥሎ ኮዱ ይወርዳል፤ ሪአክት ብቻውን ታምቆም ከ40 ኪሎባይት በላይ ነው፣ በላዩ የሚከመሩት ላይብረሪዎች ደግሞ ብዙ እጥፍ ያደርጉታል። ከዚያ ስልኩ ኮዱን አንብቦ ያስኬዳል፤ በመጨረሻም መረጃውን ለማምጣት እንደገና ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። ኔትወርኩ መሀል ላይ ከተቋረጠ የሚታየው ነጭ ስክሪን ነው። ተራ ኤችቲኤምኤል ግን የደረሰውን ያህል እያሳየ ይመጣል። ግማሹ ቢደርስ ግማሹ ይነበባል።

ሪአክት መጥፎ መሣሪያ ስለሆነ አይደለም ይህ የሚባለው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የለቀቀው የራሱ ችግር ስለነበረበት ነው፤ መልእክቱ፣ ማሳወቂያውና አስተያየቱ በአንድ ገጽ ላይ በየሰከንዱ የሚለዋወጥ ድርጅት ነው። አሥር ጥያቄ ያለው የምዝገባ ቅጽና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ይህ ችግር የለባቸውም። የሌለ በሽታ መድኃኒት መዋጥ ጤና አይሰጥም።

የዕድሜም ጉዳይ አለ። ጉግል አንጉላርጄኤስን እ.ኤ.አ. በ2010 አወጣ። በ2016 አንጉላርን ከሥር እንደ አዲስ ጽፎ ሲያመጣው የቀድሞው ኮድ እንዳለ ወደ አዲሱ አይሻገርም ነበር። በ2021 መጨረሻ ደግሞ ለአሮጌው የሚሰጠው ድጋፍ ጭራሹን ቆመ። ሺህ አንድ አስተማሪ «በዚህ ጀምሩ» ሲልለት የኖረው ክሪኤት ሪአክት አፕም በ2025 ለአዲስ ሥራ አይመከርም ተባለ። ትልቅ ኩባንያ ይህን የሚከታተል ቡድን አለው። የአንድ ዩኒየን ወይም የአንድ ትንሽ ኮሌጅ ሲስተም ግን የተሠራው በአንድ ተመራቂ ነው፤ እሱም ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ገብቷል። ማን እንደገና ይጻፈው? ከ20 ዓመት በፊት የተጻፈ ተራ የኤችቲኤምኤል ቅጽ ዛሬም በየትኛውም ብራውዘር ይከፈታል።

«ገበያው ሪአክት ነው የሚጠይቀው» ይባላል። እውነት ነው፣ የእንጀራ ጉዳይም አይናቅም። ወጣቱ ይማረው። ነገር ግን ራስን ለቅጥር ማዘጋጀት አንድ ነገር ነው፣ የልምምድ ሜዳውን የሕዝብ አገልግሎት ማድረግ ሌላ። ደግሞም ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕትን በደንብ የያዘ ሰው ፍሬምወርክ ቢለዋወጥ አይደናገጥም። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ የሚያፈራቸው ወጣቶችም በመሠረቱ ላይ ቢጸኑ ነው የሚያዋጣቸው።

«ኋላ ቀርነት ነው» የሚልም አይጠፋም። የእንግሊዝ መንግሥት ለዲጂታል አገልግሎቶቹ ያወጣው መመሪያ ገጹ መጀመሪያ በኤችቲኤምኤል ይሠራ፣ ጃቫስክሪፕት በላዩ ይጨመር ይላል። ለንደን ኋላ ቀር ናት? ከአገር ቤትም ምሳሌ አለ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ሲጀምር መተግበሪያ ብቻ ይዞ አልመጣም፤ *127# ደውሎ የሚጠቀም የቁልፍ ስልክ ባለቤትንም ይዞ ነው የመጣው። ደንበኛውን ያወቀ ድርጅት እንዲህ ያደርጋል።

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። እዚያ የተማረ መሐንዲስ ወንዙን ሳይለካ ግድብ አይነድፍም፤ የኩልፎን ፍሰት ሳያውቅ ቧንቧ የሚመርጥ ቢገኝ መምህሩ ራሱ ያባርረዋል። በዚያው ከተማ ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣት ስልኩንና ኔትወርኩን ሳይለካ ፍሬምወርክ የሚመርጥበት ምክንያት ምንድን ነው?

መለኪያው ደግሞ ከባድ አይደለም። ገጹን ይዞ ጨንቻ መውጣት፣ ከሰፈሩ ርካሹን ስልክ መዋስ፣ ኔትወርኩን ወደ 2ጂ ዝቅ አድርጎ መክፈት። ቅጹ ተሞልቶ ከተላከ ጥሩ። ነጭ ስክሪን ከሆነ ምርጫው ስህተት ነው፤ ስሙ ሪአክትም ይሁን ስቬልት ለውጥ የለውም። ያለ ኔትወርክ መረጃ ሰብስቦ በኋላ የሚልክ የጤና ባለሙያ መተግበሪያ ወይም ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀስ የቢሮ ካርታ ከሆነ ደግሞ ፍሬምወርክ ቦታውን አገኘ፤ ያኔ ይምረጡ፣ ይከራከሩ።

የመጨረሻው ኃላፊነት ግን ውሉን የሚፈርመው ነው። ዞኑ፣ ኮሌጁ፣ ዩኒየኑ «ዘመናዊ ድረ ገጽ» ብሎ ከመፈረሙ በፊት ሦስት መስመር ይጨምር፦ ገጹ ከስንት ኪሎባይት እንዳይበልጥ፣ በየትኛው ስልክ ተፈትኖ እንደሚረከብ፣ ሠሪው ከሄደ በኋላ ማን እንደሚጠግነው። ይህ በውሉ ላይ እስካልተጻፈ ድረስ የካምባው ተማሪ ምዝገባው የሚያልፈው ነጭ ስክሪን እያየ ነው።