ይድረስ፦ የልጅቷን ስልክ ለቆለፋችሁ

ውድ የአገር ቤት ወገኖቼ፣ በተለይ ሴት ልጅ ያላችሁ፦

ካለፈው ሳምንት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ከኮምቦልቻ የተደወለልኝ ነገር ነው የነሳኝ።

የወንድሜ ልጅ 12ኛ ክፍል ናት፤ ሒሳብ ነፍሷ ነው። ዘንድሮ ቲክቶክ ላይ አጫጭር ቪዲዮ መልቀቅ ጀመረች። የሚታየው እጇና ደብተሯ ነበር፤ ሊሚትና ደሪቬቲቭ በሰማያዊ እስክሪብቶ እየፈታች ታስረዳለች፣ ከኋላዋ የእናቴ ሰፌድ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ለማጠናከሪያ የሚከፍሉበት አቅም የሌላቸው ሴቶች ልጆች "እህቴ፣ ያቺን ጥያቄ ድገሚልን" እያሉ ይጽፉላት ነበር። አንድ ቀን ፊቷን አሳየች። በቃ፣ ስድቡ ወረደ። "መጀመሪያ ወጥ ተማሪ።" "ባል ፍለጋ ናት።" ሌላውን አልጽፈውም፤ ይህን ደብዳቤ እናቴ ታስነብበዋለች። አንዱማ የትምህርት ቤቷን ስም ጠርቶ በር ላይ እንደሚጠብቃት ጻፈ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ስልኩን ነጥቆ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈው።

ከእሷ ነው የነጠቀው። ከተሳዳቢዎቹ መሃል ስልኩን የተነጠቀ አንድም የለም።

"አሜሪካ ተቀምጣ ልታስተምረን ነው" እንደምትሉ አውቃለሁ። በሉ፤ ግማሹ እውነት ነው። ግን የምኮራበት ነገር የለኝም፤ ሌሊት ሌሊት የሰው አገር አዛውንት እያገላበጥኩ የማድር ሰው ነኝ። ወንድሜንም ክፉ አባት አልለውም። በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የ16 ዓመቷ ተማሪ ታክሲ ተሳፍራ ተጠልፋ ሕይወቷ እንዴት እንዳለፈ የሰማ አባት፣ "በር ላይ እጠብቅሻለሁ" የሚል ቃል ሲያነብ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እኔም "የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ አለ፣ ቁጥር 958/2008፤ ማስፈራራት ወንጀል ነው፤ ጽሑፉን ፎቶ አንስተህ ፖሊስ ጣቢያ ሂድ" አልኩት። "ፖሊሱ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ፣ ልጅህ ቲክቶክ ላይ ምን ትሠራለች ብሎ ነው" አለኝ። መልስ አጣሁ። እስካሁንም አላገኘሁም።

ቢሆንም ስልኩ ከእሷ ለምን?

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አብረን አልቅሰንበት ነበር። እንዲህ ባለ አገር ሒሳብ በነጻ የምታስተምር ልጅ ብትገኝ የቀበሌው ሰው ተሰብስቦ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ይይዝላት መስሎኝ ነበር። እናንተ ፀጉሯን አያችሁ።

አሁን ደግሞ የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ከተሳዳቢዎቹ የአንዱን ገጽ ከፈትኩ። ከላይ የለጠፈው ሻማ ነው፤ ጥቁር ጀርባ ላይ የባህር ዳሯ የ7 ዓመት ሕፃን ፎቶ። ስሟን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የእናቷ ጩኸት በየስልካችን ሲደርስ፣ ገዳይዋ የተፈረደበት 25 ዓመት አነሰ ብለን ከ200 ሺህ በላይ ሰው ፈርመናል። እኔም ሥራ ላይ ሆኜ በሌሊት ፈርሜያለሁ፣ አልቅሻለሁ። ይሄ ሰውዬም ፈርሞ ይሆናል። ከሻማው ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ግን በሕይወት ላለችው ልጅ የጻፈው አለ። አንድ እጅ ነው ሁለቱንም የጻፈው!

ሁሉም ከእናንተ ዘንድ መጣ እንዳልል ደግሞ አፍራለሁ። ከተሳዳቢዎቹ አንዱ በገዛ ስሙ የሚጽፍ፣ እዚሁ ሜሪላንድ እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር የሚያስቀድስ የሁለት ሴቶች ልጆች አባት ነው። ከቅዳሴ ስንወጣ ያዝኩት። "ቀልድ ነው እኮ፤ ደግሞ አገር ቤት ላለችው ነው" አለኝ። የራሱ ልጅ ሮቦት ስትሠራ የሚያሳየውን ቪዲዮ ራሱ ነው የሚለጥፈው፣ ከነእልልታው። ዶላር የሚልክ ሰው ስድብም አብሮ ሲልክ አትቀበሉት።

እዚህም ቢሆን ገነት አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ የልጄን ፎቶ አበላሽቶ ክፍል ውስጥ አሰራጨው። ትምህርት ቤቱ ሁለት ሳምንት አንቀላፋ፤ ጮኼ ጮኼ የልጁን ወላጆች ጠሩ። የእሱን ወላጆች ነው ያልኩት።

አጥፍተሻል የምትሉኝ ካላችሁ ጻፉልኝ። አባቶች በተለይ፤ እናንተ ወንድሜን ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ከልቤ ነው የምጠይቀው። መሳደብም ካማራችሁ ስደቡኝ፣ እኔ ለምጄዋለሁ፤ ስማችሁን ግን ጻፉበት።

ለልጅቷ ለመጻፍ አትድከሙ። ስልኳ ዛሬም ቁምሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉም ወንድሜ ኪስ።

እህታችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ