ውሻው ከበር ይመለስ፤ ማስታወሻው ከሱቅ ይገዛ

ጐብኚ ወደ ብሔራዊ ፓርክ ሲገባ ምን ይዞ እንደሚገባ፣ ሲመለስም ምን ይዞ እንደሚወጣ መመልከት የፓርክ ዘበኞች ሥራ ብቻ ተደርጎ ይቈጠራል። ነጋዴው ግን በዚህ ነገር ዋና ባለጉዳይ ነው። በዲንሾና በሮቤ፣ በደባርቅና በጐንደር የሚገኙ ሆቴል ቤቶች፣ ሱቆችና መኪና አከራዮች ከጐብኚ የሚያገኙት ገቢ የቆመው በአውሬው ላይ ስለ ሆነ፣ አውሬው በጠፋ ጊዜ ቀድሞ የሚከስረው ገንዘቡን በሥራው ላይ ያፈሰሰው ሰው ነው።

ነገሩ ከውሻ ይጀምራል። ውሻ የለመደ ሰው ለሽርሽር ሲወጣ ውሻውን ትቶ መሄድ አይሆንለትም፤ በዚህም ማንም አይነቅፈውም። ይሁን እንጂ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንደ ማንኛውም የመዝናኛ ሜዳ የሚታይ አይደለም። በዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። በመላው አገሪቱ ዕድሜው የደረሰው ከ500 አይበልጥም፤ ከዚሁም ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ነው። ይህን አውሬ ከመሬት መጥበብ ቀጥሎ የሚፈጀው ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ2003 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህሉን ጨረሰ። በሽታው በ2008ና በ2014 ተመልሶ መጣ፤ በመካከሉም በ2010 ዲስቴምፐር የተባለው ሌላው የውሻ በሽታ ተነሣ።

እርግጥ ነው፣ በሽታውን ያመጣው የጐብኚ ውሻ ነው ማለት አይቻልም። በፓርኩ ውስጥና በዙሪያው መንጋውን ከጅብ የሚያስጠብቁ የእረኞች ውሾች ብዙ ናቸው። ለቀበሮው ጥበቃ የቆሙ ሰዎችም ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከመንደር መንደር እየዞሩ እነዚህን ውሾች ሲከትቡ ኖረዋል። ነገር ግን ኑሮው በውሻው የቆመው እረኛ «ውሻህን አስከትብ፤ እሰር» እየተባለ ሲመከር፣ ለመዝናናት የመጣ ሰው ውሻውን ከመኪና አውርዶ በሜዳው ላይ ሲያስሮጥ ቢያይ ምክሩን እንዴት አድርጎ ይቀበለዋል? «የእኔ ውሻ ተከትቧል» የሚል ጐብኚም አይጠፋም። ቀበሮውና የደጋ አጋዘኑ ግን የክትባት ወረቀት አያነቡም፤ የውሻ ሽታና ጩኸት በደረሳቸው ጊዜ ይሸሻሉ፤ ከኋላ የሚመጣው ጐብኚም ገንዘቡን ከፍሎ ባዶ ሜዳ አይቶ ይመለሳል።

«ውሻ አይገባም ብንል ደንበኛ ይሸሻል» የሚሉ ባለሆቴሎች ካሉ፣ በአሜሪካ ያለውን ልማድ ቢመለከቱ ይጠቅማል። በዚያ አገር ፓርኮች ውሻ ከ2 ሜትር በማይበልጥ ገመድ ይታሰራል። በ1872 በተቋቋመው በየሎስቶን ደግሞ ውሻ ከመኪና መንገድና ከመቆሚያ ቦታ ከ30 ሜትር ያህል ርቆ እንዲሄድ አይፈቀድለትም፤ በእግር መንገዶቹም ላይ ከነአካቴው የተከለከለ ነው። ደንበኛው ግን አልሸሸም። ነጋዴው ከደንቡ ገበያ አውጥቶበታልና። በግራንድ ካንየን ጐብኚው ሲዞር ውሻውን በኪራይ የሚያቆይበት ቤት ተሠርቷል። በብዙ ፓርኮችም ባለውሻው ደንቡን ለመጠበቅ ቃል ከገባ በኋላ «ባርክ ሬንጀር» የሚል ምልክት ለውሻው አንገት ይገዛል፤ ክልከላው ራሱ የመታሰቢያ ዕቃ ሆኖ ተሸጠ ማለት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ብልኀት በ1986 የተጀመረው የፓርኮች ፓስፖርት ነው። ይህ ትንሽ ደብተር በየፓርኩ ሱቅ ይሸጣል። ጐብኚው በደረሰበት ፓርክ ሁሉ የቦታው ስምና የዕለቱ ቀን ያለበት ማኅተም ያለ ክፍያ ያስመታበታል። ደብተሩ እስኪሞላ ድረስ ገና ወዳላየው ፓርክ መሄድ ያምረዋል፤ በሄደበትም ያድራል፣ ይበላል፣ ይገዛል። ለቀለምና ለወረቀት ከሚወጣው ጥቂት ገንዘብ ይህን ያህል ጥቅም የሚሰጥ ዕቃ በገበያ ላይ ማግኘት ያስቸግራል።

ጐብኚ የሚገዛው ማስታወሻ ካላገኘ ግን በእጁ የገባውን ያነሣል። በአሪዞና ግዛት ድንጋይ የሆነ ጥንታዊ ግንድ በሚታይበት ፓርክ፣ ስባሪውን በኪሳቸው ይዘው የሄዱ ሰዎች ኅሊናቸው እየወቀሳቸው ከይቅርታ ደብዳቤ ጋራ በፖስታ ይመልሱታል። ከየትኛው ስፍራ እንደ ተነሣ ስለማይታወቅ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ክምር ሆኖ ቀርቷል። በእኛም አገር ከድንጋይ የከፋ ታይቷል። ኢትዮጵያ የዱር እንስሳትን ንግድ ወደሚቈጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1989 ከገባች በኋላም የዝሆን ጥርስ ከመደርደሪያ አልወረደም ነበር። በ2005 በአዲስ አበባ የመታሰቢያ ዕቃ በሚሸጡ ሱቆች ፍተሻ ተደርጎ ብዙ የዝሆን ጥርስ ተወረሰ፤ በ2015ም መንግሥት ከ6 ቶን የሚበልጥ የተከማቸ የዝሆን ጥርስ አቃጠለ። ቀንድ፣ ቆዳና ጥርስ ደብቆ የሚሸጥ ባለሱቅ ደንበኛውን በጉምሩክ ለእስር፣ ራሱንም ለኪሳራ ይዳርጋል።

ያማረ ማስታወሻ የሚሠራበት ነገር ደግሞ በእጅ ያለ ነው። ከሐረና ደን የሚለቀመው የዱር ቡና በጆንያ ሲሸጥ ስሙ ይጠፋል። በግማሽ ኪሎ ከረጢት ታሽጎ የተለቀመበት ደን ስም ቢታተምበት ግን ጐብኚው ለወዳጆቹ ሁሉ ይገዛዋል። የዚያው አገር ማር፣ ከደጋ በግ ጠጕር የሚሠራ ቆብና ምንጣፍ፣ የስፌት ሥራም እንዲሁ። አስመጪዎች ቅር አይበላቸውና፣ ከሩቅ አገር በካርቶን የመጣ የቁልፍ መያዣ የቀበሮ ሥዕል ስለ ተለጠፈበት ብቻ የባሌ ማስታወሻ ሊሆን አይችልም። እነርሱ የማኅተም ቀለም፣ ጥሩ ወረቀትና የማሸጊያ ዕቃ በማምጣት ከዚህ ሥራ ድርሻቸውን ሊያገኙ ይችላሉ።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቶች ከፓርክ አስተዳዳሪዎች ጋራ ተነጋግረው የኢትዮጵያ ፓርኮች ደብተር ቢያሳትሙ፣ ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በስሜንና በ2023 በተመዘገበው በባሌ ማኅተሙን ቢያስጀምሩ መልካም ይሆናል። የሮቤና የጎባ ባለሆቴሎችም በግቢያቸው ጥግ አጥር ያለው የውሻ ማቆያ ሠርተው፣ ለቀኑ የሚከፈለውን ዋጋ ከክፍሉ ዋጋ ጋራ በግልጽ ይለጥፉ። ሁለቱም ሥራዎች ክረምቱ ሳይወጣ ቢጀመሩ፣ ጐብኚ ለሚበዛበት ለበጋው ወራት ይደርሳሉ።