በኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ወደ ቢታ ገነት

በ2018 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከባለቤቴ ወንድም ጋራ ከአዲስ አበባ ተነሥተን እስከ ካፋ፥ ቢታ ገነት ድረስ የተጓዝነውን መንገድ በዚህ ዓምድ ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። ይህንም ማድረጌ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ሲነሣ ስለምሰማ ነው፤ ይኸውም «የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ለከተማ ይበቃል፤ ነገር ግን አረጋዊት እናትን ይዞ ሩቅ አገር ሊያደርስ ይችላልን?» የሚል ነው።

አስቀድሜ ነገሩ እንዴት ወደ ቤታችን እንደ ገባ ልናገር። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ በሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ላይ የነበረውን የተጨማሪ እሴት ታክስ፥ ኤክሳይዝና ሱር ታክስ አነሣ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት አውቶሞቢል ከውጭ አገር እንዳይገባ ከለከለ። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ ነዳጁ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን ኤሌክትሪኩ ግን ከገዛ ወንዞቻችን የሚወጣ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ብዙ ሰው የኤሌክትሪክን አውቶሞቢል የዛሬ ፈጠራ አድርጎ ያወራዋል፤ ዳሩ ግን በ1891 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሮጠው አውቶሞቢል በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነበረ። ይህም ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ የቤንዚን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ከመግባቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው።

አሁን ወደ ነገራችን ልመለስ። አማቴ የዓይናቸውን ሞራ ለማስገፈፍ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልጃቸው ቤት ሁለት ወር ተቀምጠው ነበር። የባለቤታቸው ሙት ዓመት ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን በቢታ ገነት ሊደረግ ተወስኖ፥ ባለቤቴም ጠላውን ጠምቃ፥ ካህናቱን ነግራ፥ ዘመዱን ሁሉ ጠርታ ትጠብቀን ነበር። ቀኑንም ማሳለፍ አይቻልም፤ ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ስለሚገባ ለድግሱ የታረደው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ እኔ እናትዮዋን ላመጣ ከቢታ ገነት ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ።

የባለቤቴ ወንድም ግን በዚያው ሳምንት አዲስ አውቶሞቢል ገዝቶ ነበር። ከቻይና የመጣ፥ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው ነው፤ የሸጠለትም ሰው «አንድ ጊዜ ከሞላ 500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ብሎ ነግሮታል። ልጁም «እናቴን በሰው መኪና አልልካቸውም፤ እኔ ራሴ አደርሳቸዋለሁ» አለ። ባለቤቴ በስልክ «ማክሰኞ ተነሡ» ብላ አጥብቃ ብታሳስብም፥ ታርጋው ስለ ዘገየ ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን ሆነ። እኔም በልቤ ሁለቱ ቀን እንደሚያጥረን ዐውቄ ነበር፤ ነገር ግን በአዲስ ንብረቱ ደስ ያለውን ሰው ፊቱን ማጥቆር አልወደድሁም። ዛሬ ሳስበው ይህ ዝምታዬ ጥፋት ነበረ።

ከጧቱ በ12 ሰዓት ባትሪው መቶ በመቶ ሞልቶ ተነሣን። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የኖረ ሰው ያየውን ሁሉ በመዝገብ ካላሰፈረ እንቅልፍ ስለማይወስደው፥ በደረስንበት ስፍራ ሁሉ ሰዓቱንና የቀረውን ኃይል በደብተሬ ጻፍሁ። ሰበታን፥ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፈን ወልቂጤ ስንደርስ 65 ሆነ። ሞተሩ ድምፅ ስለሌለው አማቴ «ቆመን ነውን?» ብለው ደጋግመው ጠየቁ። መስመሩን ለቀን በሄድን ጊዜ ሁሉ ከውስጥ የምትናገረው ሴት በቻይንኛ ትገሥጸን ነበርና «ይህች ሴት ምን በድለናት ነው?» እያሉ አሳቁን።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ግቤ ሸለቆ ይወርዳል። ይህንን ስፍራ በቤንዚን አውቶሞቢል የሚያውቀው ሰው ፍሬኑ ሲግልና ሲሸት ያስታውሳል። በኤሌክትሪኩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሽከርካሪው እግሩን ከመርገጫው ሲያነሣ መንኰራኵሩ ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም እንደ ጀኔሬተር ሆኖ የቁልቁለቱን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ስለዚህ ያን ሁሉ መንገድ ወርደን ድልድዩ ላይ ስንደርስ ከ65ቱ የጐደለው ሁለት ብቻ ነበረ። የባለቤቴ ወንድም በጣም ደስ ብሎት «አየህ ጋሼ፥ መንገዱ ራሱ ያበላዋል» አለኝ። እኔም ከፊታችን ያለውን ዳገት እያየሁ ዝም አልሁ። ሳጃ ስንደርስ 50 ሆነ። ቁልቁለት ከወሰደው ኃይል ከፊሉን ብቻ ይመልሳል፥ ዳገት ግን ሙሉውን ያስከፍላልና፥ ደጋና ቆላ በሚፈራረቅበት አገራችን የሻጩ ቍጥር እንዲሁ የሚታመን አይደለም። 500 የተባለውም በቻይና ሥርዓት ተመዝኖ የተገኘ ሲሆን፥ ያ ሥርዓት ቀስ ብሎ በሜዳ ላይ መሄድን የሚያስብ ነው።

ከሰኮሩ ወዲያ በ1996 ዓ.ም. የተሠራው የጊልገል ግቤ የመጀመሪያው ግድብ በአካባቢው አለ፤ 184 ሜጋዋት ያመነጫል። ያን ያህል ኃይል በአጠገባችን እያለ በየመንገዱ ባሉት ከተሞች ለአውቶሞቢል የተዘጋጀ ፈጣን መሙያ አላገኘንም። በአዲስ አበባ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ፈጣን መሙያ አቁሟል፤ በእኛ መስመር ግን ያለን ተስፋ የግድግዳ ሶኬት ብቻ ነበረ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘን ጅማ ስንገባ 13 ቀረ።

በጅማ ያደርንበት ሆቴል ሰዎች ደጎች ነበሩ። ነገር ግን የመሙያውን ገመድ በሰካን ጊዜ ቀይ መብራት እያሳየ እምቢ አለ። ሁለተኛውም፥ ሦስተኛውም ሶኬት እንዲሁ ሆነ። በመጨረሻ የሆቴሉ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ፥ ሶኬቶቹ የመሬት ሽቦ ስለሌላቸው መሙያው ለሰው ደኅንነት ሲል ራሱን እንደ ዘጋ አስረዳን። በግቢው ውስጥ የመሬት ሽቦና ወፍራም መስመር ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በወጥ ቤት የእንጀራው ምጣድ የሚሰካበት ነበረ። ጋጋሪዎቹ እስኪጨርሱ ተጠበቀና ከሌሊቱ በ4 ሰዓት አውቶሞቢሉ በምጣዱ ፈንታ ተሰካ። እስከ ጧቱ 1 ሰዓት ድረስ ከ13 ወደ 43 ወጣ። ከዚያ በኋላ ጋጋሪዋ ሶኬቷን ፈለገች፤ የቍርስ እንጀራ ነውና ማንም ሊከራከራት አልቻለም። እዚህ ላይ ለቤት እመቤቶችም ሆነ ለአባወራዎች የማሳስበው፥ በቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ሌሊቱን ሙሉ እንዳትሞሉ ነው። እኛ በመጀመሪያ እንዲህ ልናደርግ አስበን ነበር፤ ሠራተኛው ግን ቀልጦ የጠቈረ የሶኬት ክዳን አምጥቶ አሳየንና ተውነው።

ዓርብ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ወደ ቦንጋ ተጓዝን። የጎጀብን ሸለቆ ወርደን ወጣን። በየደጁ ቡናው በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ አማቴ በአዲሱ ዓይናቸው እያዩ «ይህ የደረሰ ነው፥ ይህ ገና ነው» እያሉ ሲለዩ ከሁሉ ይልቅ ያ ደስ አሰኘኝ። ከ5 ሰዓት በኋላ ቦንጋ ስንደርስ በደብተሬ 14 ብዬ ጻፍሁ። አሳባችን እስከ 10 ሰዓት ሞልተን ወደ ምዕራብ ወደ ቢታ ገነት ልንነሣ ነበር፤ ነገር ግን በከተማው መብራት ከጧት ጀምሮ ጠፍቶ ኖሯል። ባረፍንበት ቤት ጀኔሬተር ነበረ፤ እርሱም ለማቀዝቀዣውና ለጥቂት አምፖል ብቻ የሚበቃ ትንሽ ነገር ነው።

እስከ 8 ሰዓት ተቀመጥን። የባለቤቴ ወንድም በየሩብ ሰዓቱ ተነሥቶ ማብሪያውን ይነካል። መስታወቱ ላይ ያለው ቍጥር «60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ይል ስለ ነበር፥ «በዝግታ ብሄድስ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም «ያ ቍጥር የአስፋልት ነው፤ ከፊታችን ያለው ጠጠርና ዳገት ነው፤ እናትህን በጫካ መካከል በሌሊት ልታቆማቸው ነውን?» አልሁት። እርሱም ፊቱ ተለውጦ «እንግዲያው እናንተ በኪራይ መኪና ሂዱ፤ እኔ መብራት ሲመጣ ሞልቼ ሌሊቱን እደርሳለሁ» አለ። ነገሩ ገብቶኛል፤ አባቱ በሞቱ ጊዜ ከሥራው ፈቃድ ዘግይቶበት ከቀብር በኋላ የደረሰ ልጅ ነው። በዚህ ምክንያት ከእኅቱ ጋራ ዓመቱን ሙሉ በቅዝቃዜ ኖረዋል። በአዲስ አውቶሞቢል እናቱን ይዞ በደጃፍ መውረድን እንደ ካሣ ቈጥሮት ነበር።

አማቴ እስከዚያ ድረስ ምንም አልተናገሩም። ከዚያም ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና «መኪናው እዚህ ይደር። እኔ አላድርም፤ አንተም አታድርም። በአባትህ ቀብር ሰው ሁሉ የት ነው ብሎ ጠይቆኛል፤ ነገ ደግሞ መብራት እየጠበቀ ነው ብዬ አልመልስም» አሉት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ገመዱን በሶኬቱ እንደ ተሰካ ተወው፤ ለዘበኛው አደራ ብሎ ዕቃውን አወረደ።

አንድ አሮጌ የናፍጣ ላንድ ክሩዘር ተከራየን። ዋጋውን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል። መንገዱ በአንዳንድ ስፍራ ጭቃው ገና አልደረቀም ነበርና፥ የተከራየነው መኪና ራሱ ሁለት ጊዜ ሲንሸራተት አይቼ በልቤ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ጨለማ ከሆነ በኋላ ቢታ ገነት ገባን። ባለቤቴ ፋኖስ ይዛ በበሩ ቆማ እናቷን ከሳመች በኋላ ወንድሟን አይታ «መኪናህስ?» አለችው። «ቦንጋ አደረ» አላት። እርሷም ሌላ ሳትጠይቅ እጁን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው። በማግሥቱ በጧት ጸሎቱ ሲደርስ ልጁ በካህናቱ አጠገብ ከሁሉ ፊት ቆሞ ነበር።

ሰኞ ወደ ቦንጋ ተመልሶ ሄደ። መብራቱ ዓርብ ሌሊት መጥቶ ኖሮ፥ ዘበኛው በሰጠው አደራ ጠብቆት አውቶሞቢሉ መቶ በመቶ ሞልቶ ቆየው። ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን በቀትር ወደ ቢታ ገነት ይዞት ገባ፤ በደብተሬም 62 ብዬ ጻፍሁ። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየው፤ አንድ ሽማግሌ ጐንበስ ብለው የጭሱን ቧንቧ ቢፈልጉ አጥተው በጣም ተገረሙ። የመሙላት ነገር በተነሣ ጊዜ ባለቤቴ የቤታችን ምጣድ የመሬት ሽቦ ያለው ሶኬት እንዳለው ነገረችው፤ ነገር ግን በሳምንት ሁለት ቀን፥ እንጀራ በሚጋገርበት ጧት፥ እንዳይነካባት አስጠነቀቀችው።

ለመልሱ መንገድ አራት ቀን መድበን ተነሣ። በጅማ ሁለት ሌሊት እንዲያድር፥ በወልቂጤም አንድ ሌሊት እንዲያርፍ ተስማማን፤ ጋጋሪዋንም አስቀድሞ በስልክ አነጋገራት።