ምጣዱ ያጠፋው መንገድ

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ሕፃናት ክትባት አይደለም። ጉዳዩ የራሴ ጥፋት ያለበት ስለሆነ ከኑዛዜ ልጀምር።

አርብ ማታ ነው። ለቅዳሜ የሚሆን እንጀራ ልጋግር ብዬ ምጣዱን ሰካሁት። የኤሌክትሪክ ምጣድ ምን ያህል ኃይል እንደሚስብ ታውቃላችሁ። የውሃ ማሞቂያውም በርቶ ኖሮ ብሬከሩ ጣለና ቤቱ ባንዴ ጨለመ። ወዲያው ከውስጠኛው ክፍል «ወይኔ! ወይኔ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ኤሌክትሪክ ይዟት ነው ብዬ እየተደናበርኩ ገባሁ። የልጅ ልጄ በጠፋው ላፕቶፕ ፊት ጭንቅላቷን ይዛ ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ መንገዴን አጠፋሽው!» አለችኝ።

የየትኛው መንገድ ነገር እንደሆነ ላስረዳችሁ። ልጅቱ የሲቪል ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ወላጆቿ ክፍለ ሀገር ስለሆኑ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ሰኞ የምታስረክበው የ2 ኪሎ ሜትር መንገድ ዲዛይን ነበረባት። የምትሠራበት ፕሮግራም ሲቪል 3ዲ ይባላል፤ በአውቶካድ ላይ የተገነባ ነው። ላፕቶፑ ያገለገለ ነው፣ በዕቁብ ገንዘብ የገዛነው። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ከሶኬት ሲነቀል እሱም አብሮ ይጠፋል።

መብራቱን መልሰን ስትከፍተው ፋይሉ ተበላሽቷል የሚል መልእክት አመጣ፤ አልከፈትም አለ። እኔም ላጽናናት ብዬ «ምን አለበት ልጄ፣ ሥዕል አይደል? እንደገና ትስይዋለሽ» አልኳት። እባካችሁ ይህን ቃል ለማንም ተማሪ እንዳትናገሩ። የአራት ቀን ሥራዋ ነበር። መልስም አልሰጠችኝ፣ እራትም አልበላች።

ከባዱ ነገር የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ተኛች ብዬ በበሯ ሳልፍ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። «ያንተን ላክልኝ፤ ስሙንና ጥቂት ቁጥሮችን ቀይሬ አስገባዋለሁ» ትላለች።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ድራፍትስማን ነበር። በዚያ ዘመን ሥራው በትሬሲንግ ወረቀት ላይ በቀለም ነው። አንድ መስመር ከተሳሳተ በምላጭ ቀስ አድርጎ ይፍቀዋል፣ ወረቀቱ ከተቀደደ ከሀ ይጀምራል። እየተነጫነጨ እስከ እኩለ ሌሊት ሲሠራ አይቻለሁ። ሌላ ሰው በሠራው ላይ ስሙን ሲጽፍ ግን አላየሁም። የልጅ ልጁ ይህን ልታደርግ የተነሳችው ደግሞ በእኔ ምጣድ ምክንያት ነው።

ጠዋት ሻይና ዳቦ አቅርቤ አስቀመጥኳት። «የስልኩን ወሬ ሰምቻለሁ፣ አልቆጣሽም» አልኳት። «ግን ከዚያ በፊት ይህን ፋይል እንደ በሽተኛ እንቀበለው። ስለ ኮምፒውተር አላውቅም፤ ታማሚ መጠየቅ ግን ከ30 ዓመት በላይ ሠርቼበታለሁ።»

ነርስ መጀመሪያ የምትጠይቀው ጥያቄ የታወቀ ነው። መቼ ጀመረህ? ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበርከው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ ምን አዲስ ነገር በላህ፣ ምን አደረግህ? እቤት ምን መድኃኒት ሞከርክ? እነዚህኑ አንድ በአንድ ጠየቅኳት፣ እሷም በወረቀት ጻፈች። ፋይሉ ሐሙስ ማታ ደህና ነበር። አርብ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ሴቭ ያደረገችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም መብራቱ የጠፋበት ቅጽበት ነበር።

ይህን ስንጽፍ የስልኩ ጓደኛዋ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ መጣ። ልጁን ቁርስ አቀረብኩለትና «ፍላሽህን ለጊዜው ኪስህ አድርገው፤ መጀመሪያ የእሷን እንመርምር» አልኩት። ጥያቄዎቻችንን አነበበና ሳቀ። «እማማ፣ ሐሙስ ማታ ደህና ከነበረማ አልሞተም» አለ።

እሱ እንዳስረዳኝ አውቶካድ ሴቭ በተደረገ ቁጥር የቀድሞውን ቅጂ አይጥለውም። «ባክ» የሚል ቅጥያ ሰጥቶ እዚያው ከሥዕሉ ጎን ያስቀምጠዋል። ቅጥያው ወደ «ዲ ደብሊው ጂ» ሲቀየር እንደ ማንኛውም ሥዕል ይከፈታል። ግን አንድ ጥንቃቄ አለው። በደነገጡ ጊዜ የተበላሸውን ፋይል ደጋግሞ ሴቭ ማድረግ ደህናውን ቅጂ በተበላሸው ያስተካዋል። ስለዚህ ምንም ከመንካታቸው በፊት ሁለቱንም ፋይል ወደ ፍላሽ ገለበጡ። ከዚያ ቅጥያውን ቀየሩት፤ ሐሙስ ማታ የተሠራው መንገድ ብቅ አለ። እልል አልኩ፣ ጎረቤት ሰማኝ።

ፕሮግራሙ ሳይታዘዝ በየ10 ደቂቃው ሌላ መጠባበቂያ የሚያስቀምጥበት መንገድም ነበረው። ልጃችን ግን አሮጌው ላፕቶፕ በየጊዜው እየቆመ ስላስቸገራት አጥፍታዋለች። ግሉኮስ የገባበትን መርፌ አሳከከኝ ብሎ ነቅሎ የሚጥል ታካሚ ትዝ አለኝ። ያን መጠባበቂያ ባታጠፋው ኖሮ የአርቡም ሥራ ባልጠፋ ነበር።

የአርቡን ሥራ እንደገና ስትጀምር ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። በቅየሳ የተለኩ ተጨማሪ ነጥቦችን ስታስገባ ከመንገዱ አጠገብ አንድም ነጥብ የለም። እኔም በነርስነቴ ገባሁ፦ «ደህና ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ምን ቀየርሽ?»

«ምንም!»

«ታካሚም ሁልጊዜ ምንም አልበላሁም ነው የሚለው» አልኳት። ከአርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ቁጥር አለው፦ ኖርዚንግ ወደ ሰሜን፣ ኢስቲንግ ወደ ምሥራቅ ያለውን ቦታ ይናገራል። አዲስ አበባ አካባቢ ኖርዚንጉ ወደ 998 ሺህ ሜትር፣ ኢስቲንጉ ወደ 472 ሺህ ሜትር ነው። እሷ ቸኩላ ኢስቲንግ የሚቀድምበትን አደራደር መርጣለች፤ ፋይሉ ላይ ግን የሚቀድመው ኖርዚንግ ነበር። ቁጥሮቹ ቦታ ሲለዋወጡ የአዲስ አበባው ነጥብ ሶማሊያ ውስጥ ይወድቃል። «እማዬ፣ መንገዴ ድንበር ተሻግሯል!» አለችኝ። አስተካክላ ስታስገባው ደግሞ መሬቱ መሐል ላይ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ጉድጓድ ታየ። የአንዱ ነጥብ ከፍታ ሳይጻፍ ቀርቶ ኮምፒውተሩ ዜሮ ብሎ ይዞታል። ነጥቡን አገኘችውና አወጣችው።

ሕክምና ላይ ያየሁት ነገር ፊቴ ተደቀነ። ዜሮ ነጥብ 5 ሚሊ ግራም መድኃኒት ሲታዘዝ ዜሮው ሳይጻፍ ከቀረና ነጥቡ ከደበዘዘ 5 ተብሎ ይነበባል፤ ታካሚው አሥር እጥፍ ይወስዳል። ለዚህ ነው ዜሮዋን ሳትጽፉ እንዳታልፉ እየተባለ የተማርነው። ኮምፒውተሩም የሰጡትን ይቀበላል፣ «ልጄ፣ ይህ ጉድጓድ ከየት መጣ?» ብሎ አይጠይቅም። መጠየቅ ያለበት ሰው ነው። የጓደኛዋን ፋይል ስም ቀይራ አስገብታ ቢሆን ጉድጓድ ቢኖርበትም የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ነገ ደግሞ በወረቀት ላይ ሳይሆን በእውነተኛ መሬት ላይ፣ ልጆቻችን በሚሄዱበት መንገድ ነው የምትሠራው።

ሰኞ ሥራውን አስረከበች። የመጨረሻው 400 ሜትር አልተጠናቀቀም ነበር፤ ለመምህሯ እውነቱን ነገረችው። ላልተሠራው ነጥብ ቀነሰባት። በቃል የጠየቃትን ግን ሁሉንም መለሰች። ማታ ስትገባ ፊቷ ላይ ቅሬታም ደስታም ነበር። እኔ ዝም ብዬ እራት አቀረብኩ። በላች።

ወላጆችና አያቶች፣ እኛ ሲቪል 3ዲ መማር አይጠበቅብንም። ግን ከእኛ የሚፈለግ ነገር አለ።

ላፕቶፑ ባትሪ እንዳለው ጠይቁ። ባትሪው ከሞተ ከአዲስ ጫማ በፊት ባትሪ ይገዛ። ሥራቸውን በየማታው ፍላሽ ላይ፣ በየቀኑ የተለየ ስም እየሰጡ እንዲገለብጡ አስታውሷቸው።

ከሱቅ የሚገዛ የተሰበረ ፕሮግራም ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። አውቶካድን የሚሠራው አውቶዴስክ ተማሪነታቸውን ለሚያረጋግጡ በነፃ ይሰጣል፤ ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ሲሆን ተማሪ እስከሆኑ ድረስ ይታደሳል።

ዓይናቸውንም አትርሱ። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል 6 ሜትር የራቀ ነገር ይመልከቱ፤ በመስኮት የጎረቤትን ዛፍ ማየት ይበቃል። ላፕቶፑን አልጋ ላይ አድርጎ ጎንበስ ብሎ መሥራት አንገት ያሳምማል፤ ጠረጴዛ ይሰጣቸው። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ ተማሪ ኖርዚንግና ኢስቲንግ ቢያምታታ አይገርምም።

ሲበላሽባቸው ደግሞ «እንደገና ሥራው» ከማለታችን በፊት አጠገባቸው ተቀምጠን «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የነበረው መቼ ነው?» እንበል። መልሱ ባይገባንም እነሱ ለእኛ ሲያስረዱ ራሳቸው ያገኙታል። በእኔ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

አሁን ቤታችን አዲስ ደንብ ወጥቷል። ምጣድ ከመሰካቴ በፊት ከማድ ቤት ሆኜ «ልጥድ ነው!» ብዬ እጮኻለሁ። ከውስጥ «ቆይ እማዬ፣ ሴቭ ላድርግ!» ይመጣል። ሊጡ ትንሽ ቢጠብቅ አይጎዳም።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።