በደጀ ሰላም የሚቆም አቤት ባይ

ሕዝብ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሰብስቦ ድምፁን ሲያሰማ፥ ይህን የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ በአንዱ ይፈርዳል። አንዱ ሁከት ተነሣ ብሎ ይደነግጣል፤ ሁለተኛው ይህን ያህል ሰው ከጮኸ እውነት ከዚያው ናት ይላል። ሁለቱም ነገሩን ሳይመረምሩ የፈረዱ ናቸው። አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያንን መግቢያ ደጀ ሰላም ብለው ሲሰይሙት በዚያ የሚቆም ሰው ጠላት አለመሆኑን ነግረውናል። በዚያ የቆመው አቤት ባይ ነው፤ ለአቤት ባይም የሚገባው ዱላም ጭብጨባም ሳይሆን ዳኛ ነው።

ይህን እንድንናገር ያደረገን በቅርብ ዓመታት በአገራችን የታየው ነገር ነው። በጥር ወር 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 22 ማዞሪያ በሚባለው ሰፈር ስለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቦታ ክርክር ሳለ፥ ፖሊስ ቦታውን ለማስለቀቅ በሌሊት መጣ፤ ምእመናንም ወጥተው ቆሙ፤ በዚያች ሌሊት ወጣቶች ተገደሉ። የቦታ ክርክር በቀን፥ በመዝገብና በምስክር የሚታይ ነገር ነበር። ሌሊትና መሣሪያ ከገቡበት በኋላ ግን የመሬቱ ክርክር የደም ክርክር ሆነ።

ከዚህም የሚበልጠው በ2015 ዓ.ም. መጣ። ጥር 14 ቀን በወሊሶ ሀሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ፤ ምክንያታቸውም ሕዝቡ በቋንቋው የሚያስተምረው አባት አጥቷል የሚል ነበር። ቅዱስ ሲኖዶስም ሹመቱ ከቀኖና ውጭ ነው ብሎ አወገዘ። ከዚያ በኋላ በየአጥቢያው ክርክር ተነሣ፤ ጥር 27 ቀን በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ጠፋ። በጾመ ነነዌ ሦስት ቀኖች ምእመናን ጥቁር ለብሰው በየአድባራቱ ተሰበሰቡ፤ ለየካቲት 5 ቀንም ታላቅ ሰልፍ ተጠራ። ሰልፉ ተላልፎ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጉባኤ ተቀመጡ፤ የካቲት 8 ቀንም ስምምነት ተፈረመ።

አፈጻጸሙ ወዲያው ባይቃናም፥ የስምምነቱን ፍሬ ነገር ልብ ማለት ያሻል። የሹመት ሥርዓት እንዲጠበቅ ተወሰነ፤ የቋንቋው አቤቱታም ሐሰት ነው ተብሎ አልተጣለም። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ቅዱስ ሲኖዶስ እንደ ሥርዓቱ 9 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመ። ሰልፈኛው የጠየቀው የቀኖና መጠበቅና ሌላው ወገን ያነሣው የአገልግሎት ማነስ በአንድ ሚዛን ሊታዩ እንደሚችሉ ከዚህ ይታወቃል። ይህ ግን የተገኘው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነውና፥ ጉባኤው ለምን አልቀደመም ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ለዚህ ጥያቄ የሰሜን ሸዋ ታሪክ መልስ አለው። ስለ ቀዳሚት ሰንበት አከባበር የኤዎስጣቴዎስ ልጆችና ሌሎቹ ካህናት ከመቶ ዓመት በላይ ተለያይተው ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1442 ዓ.ም. በተጉለት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰበሰቡ፤ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤልም በዚያ ነበሩ። ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማሙ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከጳጳሳቱ ክህነት ተቀበሉ። ያ ውሳኔ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዚሁ ንጉሥ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በድንጋይ ተወገሩ። ከዚያ በኋላ በሰማይ ብርሃን በመታየቱ ስፍራው ደብረ ብርሃን መባሉ ይተረካል። ማኅበራቸው ግን በቅጣቱ አልጠፋም፤ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም መጻሕፍታቸውን እየጻፉ ኖሩ። አንድ ንጉሥ በአንድ አገር ሁለት መንገድ ሞከሩ፤ በጉባኤ የተፈታው ተፈታ፤ በቅጣት የተፈለገው ግን አልተገኘም።

በአንኮበርም የሆነው ከዚህ አይለይም። በ1830ዎቹ ዓመታት ስለ ልደት በተነሣው ክርክር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከሦስት ልደት ወገን ቆሙ፤ ይህን የማይቀበል ሀብቱ ይወረሳል፥ ከአገርም ይወጣል ተብሎ አዋጅ ተነገረ፤ ካህናትም ከየደብራቸው ተባረሩ። አዋጁ አፍን ዘጋ እንጂ ክርክሩን አልዘጋም። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት ሊቃውንቱ ተከራከሩ፤ ከእስክንድርያ የመጣው ደብዳቤም ተነበበ። ያም ጉባኤ ከቅጣት ንጹሕ አልነበረም፤ ሆኖም የአንኮበር አዋጅ ያልቻለውን ፈጸመ።

እንግዲህ ዛሬ የአንድ አጥቢያ ሰበካ ስለ አስተዳዳሪ ሹመት፥ ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ይዞታ ተጣልቶ ሕዝቡ ከደጅ ቢቆም፥ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ማለት ይገባል። የወረዳው ሹም የሃይማኖትን ነገር ለሊቃውንት ይተው፤ ለአንዱ ወገን አድልቶ አይቁም፤ የሰውን ሕይወት መጠበቅ ግን የእርሱ ሥራ ነውና ፖሊሱ ሰልፈኛውንም ተቃዋሚውንም እኩል ይጠብቅ። ካህኑም የሰበካውን ሒሳብና መዝገብ ለምእመናን ይግለጥ፤ የራሱን ጥል የእግዚአብሔር ጥል አስመስሎ ሕዝቡን አይጥራ። ሕዝቡም ቍጥሩ ብዙ ስለ ሆነ ብቻ እንደማይረታ ይወቅ፤ ዕርቅ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ ይዞ አይመጣምና።

አንዳንድ ሰዎች አቤት ባይን መቀበል የመንግሥትን ክብር ዝቅ ያደርጋል ይላሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተከራካሪዎቹን ቃል በደብረ ምጥማቅ ስለ ሰሙ ክብራቸው አልተቀነሰም። ዳኛው ካልሰማ ግን አቤቱታው ከደጀ ሰላም ወደ ጎዳና፥ ከጎዳናም ወደ መቃብር እንደሚሄድ ሁለቱ የጥር ወራት አሳይተውናል። ስለዚህ በአጥቢያው ደጅ ሕዝብ ሲቆም ያየ ሹም አቤቱታውን በጽሑፍ ይቀበል፤ ሁለቱም ወገን በአንድነት የሚሰሙበትን ቀን በዚያው ዕለት ይቍረጥ፤ የተቈረጠውንም ቀን ራሱ አያፍርስ።