ያልተዘጋ ሂሳብ

ባንክ ቤት የቀኑ ሂሳብ ሳይመጣጠን ወደ ቤት አይኬድም። ሰሞኑን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ያልተዘጋ ሂሳብ ነው፦ በየዩኒቨርሲቲው ቅርጫት ኳስ የተጫወቱ ሴት ተማሪዎቻችን ታሪክ።

አጠገቤ የምትሠራ ባልደረባዬ በተማሪነቷ ተጫዋች ነበረች። «ስንት ጊዜ አሸነፋችሁ?» ብላት ሣቀችና «የምናስታውሰው እኛው ነን» አለችኝ።

ጨዋታው በአሜሪካ በተፈጠረ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1893፣ የስሚዝ ኮሌጅ ልጃገረዶች ወንድ ተመልካች በማይገባበት አዳራሽ ተጋጠሙ። ደንቡን ያሻሻለችላቸው መምህርታቸው ሴንዳ ቤረንሰን ናት። ከ130 ዓመታት በኋላ ሐዋሳ ተቀምጬ ይህን የማወጋችሁ ስለተጻፈ ነው።

የእኛው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. «ደቡብ ዩኒቨርሲቲ» ተብሎ ሲመሠረት ተማሪ የነበሩ እኅቶች ዛሬ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ለመላክ ደርሰዋል። አበው «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ።

እኔም ከወቀሳው አላመልጥም። ስለ ሴት ልጅ ዐይንና ጸጉር ብዙ ቀለም አፍስሻለሁ፤ ኳስ ይዛ ስለዘለለችው ግን አንዲት ስንኝ አልቋጠርኩም።

የተጫወታችሁ እኅቶች ሆይ፣ ስማችሁንና ዓመቱን ጻፉልን። ሂሳቡን መዝጋት የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ቸር እንሰንብት።