የስም ዝርዝር ባንድ አይሆንም

ሙዚቃ ወዳዶች በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ የማይቀር አንድ ጨዋታ አለ። ይኸውም በልዩ ልዩ ዘመን የኖሩትን የሮክ ሙዚቃ ታላላቆች በሐሳብ ጠርቶ በአንድ መድረክ ላይ ማቆም ነው። «ጊታሩን ጂሚ ሄንድሪክስ ይያዝ፤ ድራሙን ጆን ቦናም ይምታ፤ ቤዝ ጊታሩን ጃክ ብሩስ ይጫወት፤ ፍሬዲ ሜርኩሪ ይዝፈን» ይባላል። ሌላው ደግሞ ይነሣና አንዱን ሽሮ ሌላውን ይሾማል። ሄንድሪክስ በ1970፥ ቦናም በ1980፥ ሜርኩሪ በ1991፥ ብሩስም በ2014 ዓ.ም. የሞቱ መሆናቸው ለጨዋታው እንቅፋት አይሆንም፤ እንዲያውም ሙታን የተጠሩበትን ስብሰባ እንቢ ለማለት ስለማይችሉ ነገሩን ያቀልለታል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

እኛም ይህን ጨዋታ ተጫውተነዋል፤ ስለዚህ የምንነቅፈው ከሩቅ ቆመን አይደለም። ጨዋታውን የሚወዱ ሰዎች የሚያቀርቡትም ምክንያት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። አንደኛ፥ ወጣቶች የቀድሞዎቹን ሙዚቀኞች ስምና ሥራ እንዲያውቁ ይረዳል ይላሉ። ሁለተኛ፥ ለታላላቆች ክብር መስጠት ነው ይላሉ። ሦስተኛም፥ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን የአባቶች ቃል ጠቅሰው፥ አንድ ብርቱ ብቻውን ይህን ያህል ከሠራ አራት ብርቱዎች ቢተባበሩ ምን ያህል በሠሩ ነበር ብለው ይጠይቃሉ። የመጀመሪያውን እንቀበላለን። ሁለተኛውን እንጠራጠራለን። ሦስተኛውን ግን ፈጽሞ አንቀበለውም፤ የዚህም ጽሑፍ ዓላማ የዚያን አስተሳሰብ ስሕተት ማሳየት ነው።

ድር አንበሳ የሚያስረው ስለ ተከመረ አይደለም፤ ስለ ተገመደ ነው። ሸማኔ ሲሠራ የተመለከተ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ድር ያለ ማግ ጨርቅ አይሆንም። የባንድም ነገር እንዲሁ ነው። አድማጭ የሚሰማው የእያንዳንዱን ተጫዋች ችሎታ ድምር አይደለም። የሚሰማው ሰዎች አንዱ ሌላውን እየሰማ፥ አንዱ ለሌላው ስፍራ እየለቀቀ፥ ብዙ ወራት አብረው ተለማምደው፥ አብረው ተርበው፥ ተጣልተውና ታርቀው ያፈሩትን አንድ ድምፅ ነው። እንግዲህ ባንድ የኑሮ ፍሬ እንጂ የስም ዝርዝር አይደለም።

ይህን የምንለው በግምት አይደለም፤ የታላላቆች ጓድ በእውነት ተሞክሯልና። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ስብስብ «ሱፐር ግሩፕ» ይሉታል። በ1966 ዓ.ም. ጊታር ተጫዋቹ ኤሪክ ክላፕተን፥ ቤዝ ተጫዋቹ ጃክ ብሩስና ድራም መቺው ጂንጀር ቤከር በእንግሊዝ አገር ክሪም የተባለውን ባንድ አቆሙ። የስሙ ትርጓሜ «ቅባት» ማለት ነው፤ ከወተት ላይ ተገፎ የሚወጣው ምርጡ እኛ ነን ማለታቸው ነበር። ትምክሕታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ሦስቱም በየመሣሪያቸው በአገራቸው ከፍ ያለ ስም ነበራቸው፤ የሠሯቸውም ሸክላዎች እስከ ዛሬ ይደመጣሉ። ዳሩ ግን ብሩስና ቤከር ቀድሞ በሌላ ባንድ ሳሉ የተጣሉ ሰዎች ነበሩ። መድረክ ላይ ሲወጡ ሦስቱም በየፊናቸው ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ ያዙ። ክላፕተን ራሱ እንደ ተረከው፥ አንድ ቀን በጨዋታው መካከል ጊታሩን መምታት ቢያቆም ሁለቱ ባልደረቦቹ ማቆሙን አላስተዋሉም። ባንዱም በኅዳር ወር 1968 ዓ.ም. ሎንዶን በሚገኘው በሮያል አልበርት አዳራሽ የስንብት ትርኢት አሳይቶ ተበተነ። ዕድሜው ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ሦስት ታላላቆች አንዱ ዝም ማለቱን ሌላው የማይሰማበት ጉባኤ፥ ምርጥ ቢባልም እንኳ ጉባኤ ሊባል ይችላልን?

የክሪም መፍረስ ትምህርት አልሆነም። በ1969 ዓ.ም. ክላፕተንና ቤከር ከስቲቭ ዊንውድና ከሪክ ግሬች ጋር ሆነው ብላይንድ ፌይዝ የተባለ ሌላ የታላላቆች ጓድ አቆሙ። በሰኔ ወር ሎንዶን ውስጥ በሃይድ ፓርክ የመጀመሪያ ትርኢታቸውን ሲያሳዩ ሊያያቸው የወጣው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። ባንዱ ገና እርስ በርሱ ሳይተዋወቅ ዝናው ቀድሞት ሄዷልና። አንድ አልበም አወጡ፤ በአሜሪካ ዞረው ተጫወቱ፤ ዓመቱም ሳያልቅ ተለያዩ። አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥ» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በጨዋታው ውስጥ የሚያሳዝነን ሌላም ነገር አለ። ዝርዝሩ የማያስገባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ሥራውን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ሄንድሪክስ በ1966 ዓ.ም. ሎንዶን ገብቶ ባንድ ሲያቆም ቤዝ እንዲጫወት የተመረጠው ኖኤል ሬዲንግ፥ ወደ ስፍራው የመጣው ለሌላ ባንድ ጊታር ተጫዋችነት ሊፈተን ነበር። ድራም የሚመታው ሚች ሚቸልም ልቡ ወደ ጃዝ ያዘነበለ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የወጣውንና የጊታርን አጨዋወት የለወጠውን የመጀመሪያ አልበም ከሄንድሪክስ ጋር የሠሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ዛሬ ግን የሕልም ባንድ የሚያቆሙ ሰዎች ሄንድሪክስን ነጥለው ወስደው ሬዲንግን ከበር ይመልሱታል። የቢትልሱ ሪንጎ ስታርም በእንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ላይ «ከእርሱ የሚበልጡ አሉ» እየተባለ ይታለፋል። ሰውየው ግራኝ ሆኖ ሳለ ለቀኝ እጅ በተሰናዳ ድራም ስለሚጫወት፥ ምቱ ሌላ ሰው በቀላሉ የማይደግመው ሆኗል። ፍሬዲ ሜርኩሪን የሚጠሩትም የኩዊንን ዝምተኛ ቤዝ ተጫዋች ጆን ዲከንን አይጠሩም። በ1980 ዓ.ም. በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣውን «አናዘር ዋን ባይትስ ዘ ደስት» የተባለውን የባንዱን ዘፈን የደረሰው ግን ይኸው ዝምተኛ ሰው ነው።

የባንድን ነገር ከማንም ይልቅ የሚያውቁት በውስጡ የኖሩት ናቸው። ጆን ቦናም በመስከረም ወር 1980 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ፥ የሌድ ዘፕሊን ቀሪዎቹ አባሎች ሮበርት ፕላንት፥ ጂሚ ፔጅና ጆን ፖል ጆንስ ከዓለም ድራም መቺዎች የወደዱትን ለመምረጥ በቻሉ ነበር። እነርሱ ግን በታኅሣሥ ወር እንደ ቀድሞው ለመቀጠል እንደማይችሉ ለሕዝብ አስታውቀው ባንዱን ዘጉ። ከ27 ዓመት በኋላ በ2007 ዓ.ም. ሎንዶን ላይ ለአንድ ምሽት ሲገናኙም፥ በሟቹ ስፍራ ያስቀመጡት ልጁን ጄሰን ቦናምን ነበር። ለባንዱ የቀረበውን ፈለጉ እንጂ «ማን ይበልጣል?» ብለው ውድድር አላወጡም።

ተቃዋሚዎቻችን በዚህ ጊዜ «የታላላቆች ጓድ የተሳካበት ጊዜ የለምን?» ብለው ይጠይቁን ይሆናል። አለ፤ እኛም አንሰውረውም። በ1988 ዓ.ም. ጆርጅ ሃሪሰን፥ ቦብ ዲላን፥ ጄፍ ሊን፥ ቶም ፔቲና ሮይ ኦርቢሰን ትራቬሊንግ ዊልበሪስ የተባለውን ባንድ አቆሙ። ኦርቢሰን በ1936፥ ፔቲ በ1950 ዓ.ም. የተወለዱ በመሆናቸው በዕድሜ ይራራቃሉ፤ የልዩ ልዩ ዘመን ሙዚቀኞች ናቸው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ዳሩ ግን እንዴት እንደ ተሳካላቸው እንመልከት። ሃሪሰን ለአንድ ትንሽ ሸክላ ጀርባ የሚሆን ዘፈን ቸግሮት ወዳጆቹን ጠራ። የዘፈኑንም ርእስ ያገኙት በዲላን ጋራዥ ውስጥ በተቀመጠ ሣጥን ላይ ከተለጠፈ «በጥንቃቄ ይያዝ» ከሚል ጽሑፍ ነው። ከዚያም አልበም ለመሥራት አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው አብረው ግጥም ጻፉ፤ አብረው በሉ። በአልበሙም ላይ ታላላቅ ስማቸውን ትተው፥ የአንድ አባት ልጆች ነን በማለት የተውሶ ስም አወጡ። ስለዚህ ይህ ምሳሌ የእኛን ነገር ያጸናል እንጂ አያፈርስም። ታላላቆቹ ባንድ ሊሆኑ የቻሉት ታላቅነታቸውን ከበር ላይ ስላስቀመጡ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የቀረበ ነው። ሽለላን ከአንደበት ወደ ሳክሶፎን ያሸጋገሩት አቶ ጌታቸው መኩሪያ በ1935 ዓ.ም. የተወለዱ ናቸው። ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ የፓንክ ሮክ ባንድ ደግሞ የተቋቋመው በ1979 ዓ.ም. ነው። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ የሕልም ባንድ ሲያቆም እነዚህን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አይጽፋቸውም። አቶ ጌታቸው ግን በ2004 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ ሲጫወቱ ሰሟቸው፤ ከሰሟቸውም በኋላ አብረዋቸው እንዲሠሩ ራሳቸው ጠየቋቸው። ወጣቶቹም የሽማግሌውን ዜማ አጥንተው፥ ተለማምደው፥ በ2006 ዓ.ም. «ሞዐ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ። አቶ ጌታቸው በ2016 ዓ.ም. ከማረፋቸው በፊትም በብዙ አገር መድረክ አብረው ቆመዋል፤ በ2012 ዓ.ም. ሁለተኛ አልበም ሠርተዋል። በዚህ ውስጥ መስማት አለ፤ መጠየቅ አለ፤ መፍቀድም አለ። በወረቀት ላይ በሚቆም ባንድ ውስጥ ከሦስቱ አንዱ እንኳ የለም።

«ነገሩ ጨዋታ ነው፤ ይህን ያህል ምን ያስቈጣል?» የሚለን ሰው ይኖር ይሆናል። ትናንት እንዲህ ቢለን ዝም ባልን ነበር። ዛሬ ግን ጨዋታው ከወረቀት ወጥቷል። በ1959 ዓ.ም. የሞተው በዲ ሆሊና በ1988 ዓ.ም. የሞተው ሮይ ኦርቢሰን በ2019 ዓ.ም. ሆሎግራም በሚባል የብርሃን ምስል ተሠርተው በአንድ ትርኢት ላይ ቀርበዋል፤ የትርኢቱም ስም «የሮክ ኤንድ ሮል የሕልም ጉዞ» ተብሎ ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም የሟቹን ድምፅ አስመስሎ ሟቹ አስቦት የማያውቀውን ዘፈን ያዘፍነዋል። የወራሾች ፈቃድ ቢገኝ እንኳ አንድ የጎደለ ነገር አለ። ምስል ምስልን አይሰማም። ከጎኑ ያለው ሲሳሳት አይደነግጥም፤ ሲያምርለት ደስ ብሎት ምቱን አይለውጥም።

እርግጥ መሣሪያው ራሱ ክፉ ነው አንልም። በ2023 ዓ.ም. የወጣው «ናው ኤንድ ዜን» የተባለው የቢትልስ ዘፈን፥ ጆን ሌነን በቤቱ ከቀዳው አሮጌ ካሴት ላይ ድምፁን ከፒያኖው ለይቶ በማውጣት የተሠራ ነው። ያን ሥራ የፈጸሙት ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ከሟቹ ጋር የተጫወቱት ፖል ማካርትኒና ሪንጎ ስታር ናቸው፤ ጆርጅ ሃሪሰንም ከመሞቱ አስቀድሞ በ1995 ዓ.ም. የተጫወተው ጊታር ገብቶበታል። ጓደኛ የጓደኛውን ያላለቀ ደብዳቤ ሲጨርስና የማያውቀው ሰው በሟች ስም አዲስ ደብዳቤ ሲጽፍ፥ ሁለቱ ሥራዎች እኩል ናቸውን?

ይህ ሁሉ ለአንባቢዎቻችን የሚሰጠው ትምህርት አለ። የሙዚቃ መምህር ተማሪዎቹ «ከሁሉ የሚበልጠው ጊታር ተጫዋች ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁት፥ «ያ ሰው ሲጫወት ከጎኑ ማን ነበረ? ማንንስ ይሰማ ነበር?» ብሎ ይመልስላቸው። የመሥሪያ ቤት ሹምም ብርቱ ብርቱውን ከየክፍሉ ለቅሞ ኮሚቴ ሲያቆም፥ እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ ይደማመጣሉን ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ። በባህል ሥራ ላይ ያሉ ባለሥልጣኖችም ለሙታን ምስል ማሳያ ገንዘብ ከመመደብ አስቀድሞ ሕያዋን ወጣቶች የሚለማመዱበት ክፍል መኖሩን ይመልከቱ።

ተማሪዎች ሆይ፤ ለእናንተ የምንለው አጭር ነው። የታላላቆቹን ስም ማወቅ መልካም ነው፤ ሥራቸውንም ደጋግማችሁ ስሙ። ነገር ግን ሄንድሪክስን ከቦናም ጋር በወረቀት ስታጣምሩ ያመሻችሁበት ሰዓት፥ ጊታር የሚሞክረውን ጎረቤታችሁንና ጠረጴዛ እየመታ የሚያስቸግራችሁን የክፍል ጓደኛችሁን ለማገናኘት በበቃ ነበር። እነዚህ ሁለቱ መጀመሪያ ይሳሳታሉ፤ ይጣላሉ፤ ጎረቤትም ይበጠብጣሉ። ቢሆንም አንዱ ዝም ሲል ሌላው ይሰማዋል። በወረቀት ላይ የቆሙት ታላላቆች ይህን ሊያደርጉ አይችሉም።